ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ፤ ከቅኔ ማሕሌት ወደ ቴአትር መድረክ

ለአርባ አምስት ዓመት ያህል በኢትዮጵያ ምድር ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀልና ሲወርድ አንድ መዝሙር ይዘመር ነበር። የትምህርት ቤት ልጅ ፊደል ለይቶ ሳይጨርስ ይማረዋል፤ ወታደር በሰልፍ ሜዳ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይሰማዋል፤ በገጠርም በከተማም የማያውቀው ሰው አልነበረም። ሆኖም ይህን መዝሙር በየቀኑ ከሚዘምሩት መካከል ግጥሙን የገጠመው ማን እንደ ሆነ ቢጠየቅ መልስ መስጠት የሚችለው ጥቂት ነበር። መዝሙሩ በስሙ የሚታወቀው ሰው ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ዮፍታሔ በጎጃም ደጋ የተወለደ የቤተ ክህነት ሰው፣ ባለቅኔ፣ የዜማ ዐዋቂ፣ መምህርና ጸሐፌ ተውኔት ነበረ። ዘመናዊው የኢትዮጵያ ቴአትርና በመድረክ የሚቀርበው አማርኛ መዝሙር ዛሬ ከደረሱበት የደረሱት እርሱና ጥቂት የዘመን ጓደኞቹ ከተከሉት ሥር በቅለው ነው።

የዮፍታሔ ሕይወት በመድረክ ሥራ ለሚኖር ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ያነሣል። ይኸውም፥ ለዕለቱ የተነገረ ቃል ዕለቱ ካለፈ በኋላ የት ይገባል? የሚለው ነው። ዮፍታሔ ያደገው ቃል አንድ ጊዜ ብቻ ተነግሮ በሚያልፍበት በቅኔ ቤት ነው። ብዙዎቹ ሥራዎቹም በዚያው ባሕርያቸው ከመድረኩ ጋር አለፉ። ከሁሉ ጸንቶ የኖረው አንዱ መዝሙር ደግሞ የሁሉ በመሆኑ የገጣሚውን ስም ይዞ አልኖረም። የሕይወት ታሪኩን መመርመር የሚያስፈልገውም አንድን ታላቅ ሰው ለማወደስ ብቻ ሳይሆን ይህን ጥያቄ በሚገባ ለመረዳት ነው።

ዮፍታሔ በ1887 ዓ.ም. በጎጃም ክፍለ ሀገር በደብረ ኤልያስ ተወለደ። ደብረ ኤልያስ ከደብረ ማርቆስ በስተምዕራብ የምትገኝ የደጋ አገር ናት። አካባቢው ሁሉ በደብርና በገዳም የታወቀ ነው። የጎጃም ገዢዎች መቀመጫ የነበረችው ደብረ ማርቆስ ራሷ ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር፤ አዲሱን ስሟን ያገኘችውም በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን ከተሠራው የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። በዚያ አገር አንድ ልጅ ከእርሻና ከከብት ጥበቃ ወጥቶ ሌላ ሕይወት ልኑር ቢል ከፊቱ የሚጠብቀው አንድ ታላቅ መንገድ ነበረ፤ እርሱም የቤተ ክህነት ትምህርት ነው። በቅኔ ትምህርት ጎንጅና ዋሸራ፣ ዲማና ደብረ ወርቅ ስማቸው የገነነ ነው። ደብረ ኤልያስም ከእነዚህ ተርታ የምትሰለፍ የሊቃውንት አገር ነበረች። ብዙ ዘመን ቆይቶ ፍቅር እስከ መቃብርን የጻፈው ሐዲስ ዓለማየሁም ከቅኔ ትምህርቱ ከፊሉን ያገኘው በዚያችው በደብረ ኤልያስ ነው።

የዚያን ዘመን ተማሪ ኑሮ ለዛሬ አንባቢ እንግዳ አይሆንም። ለምድ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንጠልጥሎ፣ ውሻ እየተከላከለ በየቤቱ ደጃፍ ቆሞ በእመቤታችን ስም ቁራሽ ይለምናል። ከፊደልና ከንባብ ተነሥቶ ዳዊት ይደግማል፤ ከዚያ ወደ ዜማ ይገባል። በዜማ ቤት የቅዱስ ያሬድን ሦስት ስልቶች፥ ግዕዝን፣ ዕዝልንና ዓራራይን ይለያል። ድፋትን፣ ሒደትን፣ ቅናትን፣ ይዘትን፣ ቁርጥን፣ ጭረትን፣ ርክርክንና ደረትን፥ እነዚህን የዜማ ምልክቶች ከብራናው ላይ እያየ ድምፁን ማንሣትና መጣል፣ መግታትና ማንደቅደቅ ይማራል። ይህ ሁሉ ትምህርት ዓመታት የሚጠይቅ ነው። በዘመናዊ ትምህርት ቤት ኖታ ተምሮ ያደገ ሙዚቀኛ የሚያገኘውን የጆሮና የድምፅ ሥልጠና ዮፍታሔ ያገኘው በዚህ መንገድ ነበረ።

ከዜማ በኋላ ቅኔ ይከተላል። የቅኔ ተማሪ በሌሊት ግሥና አገባብ ይማራል፤ ቀን ደግሞ ከጓደኞቹ ተለይቶ በዛፍ ጥላ ወይም በወንዝ ዳር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥራል። ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ እየወጣ ይሄዳል። የቈጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ስሕተቱን ያቀናል። ሰሙ ሌላ፣ ወርቁ ሌላ ይሆናል፤ በላይ የሚታየው ነገር ከታች የተቀበረውን ይሸፍነዋል፤ አዋቂ ግን ሽፋኑን ገልጦ ያገኘዋል። ባለቅኔ በዚህ ጥበብ ባለሥልጣንን ሲያመሰግን ሊወቅሰው፣ ሲወቅሰውም ሊያመሰግነው ይችላል። ኋላ ዮፍታሔ በቴአትሩ ውስጥ ያገሩንና የዘመኑን ሰው ጠባይ በምሳሌ ለመንቀፍ የተጠቀመበት መሣሪያ ይኸው ነው።

ቅኔ ደግሞ አንድ ልዩ ሕግ አለው። በበዓል ቀን በቅኔ ማሕሌት የሚቀርብ ቅኔ ለዚያ ቀን አዲስ ሆኖ የተዘረፈ መሆን ይገባዋል። ትናንት የተባለውን ዛሬ ደግሞ መናገር ባለቅኔውን ያሳፍረዋል፤ የሌላውን ሰው ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብማ ከነውር ሁሉ የከፋ ነውር ነው። ከዚህም የተነሣ እጅግ የረቀቁ ብዙ ቅኔዎች አንድ ጊዜ ተዚመው፣ ሊቃውንቱ አድንቀው፣ ከጥቂቶች ትውስታ በቀር ሌላ ማደሪያ ሳያገኙ ቀርተዋል። ይህ ልማድ የባለቅኔውን አእምሮ ዘወትር አዲስ ነገር እንዲያመነጭ ያስገድደዋል፤ ሥራውን ጽፎ ስለ ማኖር እንዲያስብ ግን አያስለምደውም። ዮፍታሔ ከደብረ ኤልያስ ይዞት የወጣው ሀብት ይህ ነበረ፤ የሥራውም ዕጣ ከዚህ ሀብት ጋር ተያይዞ የመጣ ነው።

ቀኝ ጌታ የሚለው ማዕርጉም ከዚሁ ቤት የተገኘ ነው። በቅኔ ማሕሌት መዘምራን በቀኝና በግራ ተሰልፈው ይቆማሉ፤ አንዱ ወገን ሲያነሣ ሌላው ይቀበላል። መሪ ጌታው ጠቅላላውን ይመራል፤ ግራ ጌታው የግራውን፣ ቀኝ ጌታው የቀኙን ተሰላፊ ይይዛል። ከበሮው ሲመታ፣ ጸናጽሉ ሲንሿሿ፣ መቋሚያው ሲነሣና ሲወርድ ብዙ ሰው በአንድ ትንፋሽ እንዲንቀሳቀስ ማድረግ ትልቅ ችሎታ ይጠይቃል። ይህን የሚያውቅ ሰው ዝግጅት ምን እንደ ሆነ፣ ተራ መጠበቅ ምን እንደ ሆነ፣ ድምፅና እንቅስቃሴ እንዴት እንደሚጣጣሙ ከማንም አስቀድሞ ያውቃል። ስለዚህ ዮፍታሔ ወደ ቴአትር ሲገባ ባዶ እጁን አልገባም፤ የዝግጅቱን ጥበብ ከቤተ ክርስቲያን ይዞ ነው የመጣው።

ዮፍታሔ ጎልማሳ ሳለ የዓባይን በረሃ አቋርጦ ወደ አዲስ አበባ መጣ። በዚያን ዘመን ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ መድረስ በእግርና በበቅሎ የብዙ ቀን ጉዞ ነበረ፤ ወደ ገደሉ ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ እንደ ገና ወደ ሸዋ ደጋ መውጣት ነው። አዲስ አበባም ያን ጊዜ አዲስ ነገር የሚፈላባት ከተማ ነበረች። ባቡር ገብቷል፤ ማተሚያ ቤት ተቋቁሟል፤ ጋዜጣ ይታተማል፤ ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ ቄሣር በስጦታ በመጣው የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያ የተጀመረው የማርሽ ሙዚቃ በቤተ መንግሥት በዓል ላይ ይሰማል። ከቤተ ክህነት የመጣው ሊቅና ከአውሮፓ ትምህርት የተመለሰው ወጣት በአንድ አደባባይ የሚገናኙት በዚያች ከተማ ነበረ። ዮፍታሔ በዘመናዊ ትምህርት ቤት በመምህርነት ተቀጥሮ የቤተ ክህነት ዕውቀቱን ለአዲሱ ትውልድ ማካፈል ጀመረ።

ቴአትር በኢትዮጵያ ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ተሞክሮ ነበር። በ1913 ዓ.ም. ገደማ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በአውሮፓ ተምረው የተመለሱት ሰው፣ ፋቡላ የአውሬዎች ኮመዲያ የተባለውን ተውኔት ጽፈው አሳይተው ነበር። ሆኖም በአውሬዎች ተረት የቀረበው ትችት የባለሥልጣኖቹን ብልሹነት የሚነካ ሆኖ ስለ ተገኘ ሥራው በንግሥት ዘውዲቱ ዘመነ መንግሥት ታገደ፤ ቴአትርም ለዓመታት ጸጥ አለ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በጫኑ ጊዜ ለውጥ መጣ። አዲሱ መንግሥት ኢትዮጵያ ከሠለጠኑት አገሮች ተርታ መሰለፏን ለማሳየት ይሻ ስለ ነበር ቴአትር እንደ ገና ተፈቀደለት። በዚህ ጊዜ ግን ብዕሩን ያነሡት በውጭ አገር የተማሩት ሳይሆኑ ከቅኔ ቤት የወጡት መምህራን ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል ግንባር ቀደሞቹ ዮፍታሔ ንጉሤና መልአኩ በጎሰው ናቸው።

ከ1923 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ጦርነቱ ድረስ ባሉት ጥቂት ዓመታት ዮፍታሔ ተውኔት በተውኔት ላይ አከታትሎ ጻፈ። ጥቅም ያለበት ጨዋታ፣ ምስክር፣ ያማረ ምላሽ፣ የሆድ አምላኩ ቅጣት፣ እያዩ ማዘን የተባሉት ከሥራዎቹ መካከል ናቸው። ርእሶቹ ብቻ ቢመረመሩ የጸሐፊውን ሐሳብ ይገልጣሉ። ጨዋታው ጥቅም ያለበት መሆን አለበት፤ ሆዱን አምላክ ያደረገ ሰው ቅጣቱን ሊቀበል ይገባዋል። ቴአትር ለዮፍታሔ ጊዜ ማሳለፊያ አልነበረም፤ ስብከትና ትምህርት በሌላ መልክ የሚሰጥበት ጉባኤ ነበር እንጂ። ተዋንያኑ ተማሪዎች ነበሩ። በዚያ ዘመን ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ ያልተለመደ ስለ ነበረ የሴቶቹን ድርሻ ወንዶቹ ልጆች ይጫወቱት ነበር። ቃላቸውን የሚያስጠናቸው፣ አቋቋማቸውን የሚያርመው፣ ዜማውን የሚያስይዛቸው መምህሩ ራሱ ነው።

እነዚህ ተውኔቶች በዛሬ ሚዛን ሲመዘኑ ጉድለት አለባቸው። ድርጊት ያንሳቸዋል፤ ገጸ ባሕርያቱ እንደ ሰው ከመነጋገር ይልቅ እያንዳንዱ በተራው ቆሞ ረጅም ግጥም ይናገራል፤ ብዙ ጊዜም አንድን ሰው ሳይሆን አንድን ጠባይ ወይም አንድን ሐሳብ ይወክላል። ሆኖም ጉድለቱ ራሱ ከየት እንደ መጣ ማየት ያስፈልጋል። ይህ አቀራረብ የቅኔ ማሕሌት አቀራረብ ነው፤ አንዱ ያነሣል፣ ሌላው ይቀበላል። ተመልካቹም የመጣው ሰዎች ሲጣሉና ሲታረቁ ለማየት ብቻ ሳይሆን የተዋበ አማርኛ ለመስማት፣ በሰሙ ውስጥ የተሰወረውን ወርቅ ፈልጎ ለማግኘት ነበር። ዮፍታሔ ያላየውን የአውሮፓ መድረክ ከመቅዳት ይልቅ የሚያውቀውን ጥበብ በአዲስ ስፍራ አቆመው። ከእርሱ በኋላ የመጣው የአማርኛ ቴአትር ለብዙ ዓመታት በግጥም መናገሩና ዜማ ከመድረኩ አለመለየቱ ከዚህ ጅማሬ የተወረሰ ነው።

ለዜማው ሥራ ዮፍታሔ ታላቅ ረዳት አግኝቶ ነበር። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ በአርመን ገዳም የሚያድጉ አርባ ወላጅ አልባ ልጆች በነሐስ መሣሪያ ሲጫወቱ ሰምተው ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ አደረጉ። አርባ ልጆች እየተባሉ የሚታወቁት እነዚህ ወጣቶች የመጡት ኬቮርክ ናልባንዲያን ከተባለው የሙዚቃ መምህራቸው ጋር ነው። ናልባንዲያን አገሩን በእልቂት ያጣ፣ ከሕዝቡ የተረፈውን በዜማ ይዞ የተሰደደ ሰው ነበረ። በአዲስ አበባ ኖሮ፣ አስተምሮ፣ ከዮፍታሔ ጋር ለቴአትር የሚሆን ሙዚቃ አዘጋጀ። አንዱ የያሬድን ዜማ ከብራና ምልክት የተማረ፣ ሌላው በአምስት መስመር ላይ ኖታ የሚጽፍ፥ ሁለቱ ሰዎች የተገናኙበት ሥራ ለኢትዮጵያ ሙዚቃ አዲስ በር ከፈተ።

የዚህ ትብብር ከሁሉ የታወቀው ፍሬ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ብሔራዊ መዝሙር ነው። ዜማውን ናልባንዲያን እ.ኤ.አ. በ1926 እንደ ደረሰው ይታወቃል፤ ግጥሙ በዮፍታሔ ስም ይጠራል። በጥቅምት 1923 ዓ.ም. በንግሥ በዓል ላይ ከተሰማ በኋላ የአገሪቱ መዝሙር ሆኖ ጸና። የሥራውን ክብደት የሚያውቀው አማርኛን በማርሽ ምት ላይ ለማስቀመጥ የሞከረ ሙዚቀኛ ነው። በያሬዳዊ ዜማ ድምፁ ቃሉን ተከትሎ ይረዝማል ወይም ያጥራል፤ በማርሽ ግን ቃሉ ለከበሮው ምትና ለወታደሩ እርምጃ መገዛት አለበት። በአማርኛ አንድ ፊደል ጠብቆ ወይም ላልቶ ሲነገር ትርጉሙ ይለወጣል። ስለዚህ ቀለሙን በምቱ ልክ ቈጥሮ፣ ጥብቁ ሳይላላ፣ ላላውም ሳይጠብቅ፣ ቃሉን ሕፃንም ሽማግሌም በቀላሉ እንዲይዘው አድርጎ ማሰናዳት የቅኔ ቆጠራ የለመደ አእምሮ ይጠይቃል። ዮፍታሔ በሰምና ወርቅ የረቀቀ ሰው ሲሆን በዚህ ስፍራ ግን ርቀቱን ትቶ ግልጽ ሆነ። ችሎታውን ከሚያስመሰክሩት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

የደስታው ዘመን አልረዘመም። ኢጣሊያ ጦርነት ለማንሣት መዘጋጀቷ በታወቀ ጊዜ፣ በሐምሌ ወር 1927 ዓ.ም. በመኰንን ሀብተ ወልድ መሪነት የአገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ ሕዝቡን በአደባባይ እየሰበሰበ በንግግር፣ በግጥምና በመዝሙር ለአገሩ እንዲቆም ይቀሰቅስ ነበር። ዮፍታሔ በዚህ ሥራ ብዕራቸውን ካዋሉት መካከል ነው። ቴአትር ያኔ ከትምህርት ቤት አዳራሽ ወጥቶ አደባባይ ላይ ቆመ። ተመልካቹ ወንበር ላይ የተቀመጠ መኳንንት ብቻ አልነበረም፤ ነጋዴው፣ ወዛደሩ፣ ከገጠር የመጣው ዘማች ሁሉ ሰሚ ሆነ። በመስከረም 1928 ዓ.ም. ጦርነቱ ተጀመረ፤ ከሰባት ወር ያህል በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን፣ የጠላት ጦር አዲስ አበባ ገባ።

ዮፍታሔ ለጠላት አልተገዛም፤ ተሰዶ ሱዳን ገባ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በዚያ ስደት በሐሩርና በችግር ተንገላተዋል። ለአንድ ባለቅኔ ስደት ሁለት ጊዜ ስደት ነው፤ ከአገሩ ይለያል፣ ቋንቋውን ከሚሰማው ሕዝብም ይለያል። የአማርኛ ቃል የሚመዝን ጉባኤ በሌለበት አገር ሰምና ወርቅ ማን ይፈታዋል? ሆኖም ዮፍታሔ በስደትም ብዕሩን አላስቀመጠም። በድንበሩ ማዶ ያለችው የትውልድ አገሩ ጎጃም ያን ጊዜ በአርበኞች ትጋደል ነበር። እነ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ እነ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ እነ በላይ ዘለቀ ጠላትን ዕረፍት ነሥተውት ነበር። የነጻነቱ ጉዞም በዚሁ ክፍለ ሀገር በኩል ሆነ፤ ንጉሠ ነገሥቱ በጥር ወር 1933 ዓ.ም. ከሱዳን በኦሜድላ ገብተው በመጋቢት መጨረሻ ደብረ ማርቆስ ደረሱ፤ ሚያዝያ 27 ቀን፣ ከተማዋ በተያዘች በአምስተኛው ዓመት፣ አዲስ አበባ ገቡ።

ከነጻነት በኋላ ዮፍታሔ አፋጀሽኝ የተባለውን ተውኔቱን ለመድረክ አበቃ። ይህ ሥራ ወረራውንና በወረራው ዘመን የታየውን የሰው ልክ በምሳሌ የሚያሳይ ነው፤ የጸሐፊው ስም በቴአትር ታሪክ ሲነሣም ብዙ ጊዜ አብሮት የሚነሣ እርሱ ነው። በዚያን ጊዜ በየሰው ልብ ውስጥ የነበረው ጥያቄ ቀላል አልነበረም። ማን ተዋጋ፣ ማን ተሰደደ፣ ማን አገሩን ሸጠ፣ ለማንስ ሹመት ተሰጠ? ይህን በግልጽ መጠየቅ የሚያስቸግር ነበር። የቅኔ ልጅ ግን ጥያቄውን በሰም ሸፍኖ ማቅረብ ይችላል። ዮፍታሔ ከጦርነቱ በፊት ሆዱን አምላክ ያደረገውን ሰው ነቅፎ ነበር፤ ጦርነቱ ያ ሰው በችግር ቀን ምን እንደሚሆን በእውን ገለጠለት። ስለዚህ አፋጀሽኝ ከቀድሞዎቹ ሥራዎቹ የተለየ ጅማሬ አይደለም፤ የቀድሞው ተግሣጽ በደም ከተፈተነ በኋላ እንደ ገና ሲነገር ነው።

ዮፍታሔ ከዚህ በኋላ ብዙ አልኖረም። በ1939 ዓ.ም. በአምሳ ሁለት ዓመቱ ድንገት ዐረፈ። ነጻነት ከተመለሰ ገና ስድስት ዓመት ሆኖ ነበር፤ የአገር ፍቅር ቴአትር ቤት መድረኩን እያስፋፋ፣ ለሙያው የተሰጡ ተዋንያንና ሙዚቀኞች እየበዙ ይሄዱ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተውን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ የዛሬውን ብሔራዊ ቴአትር፣ ለማየት አልታደለም። በተማሪዎች አፍ የጀመረው ጥበብ ደመወዝ ያለው ሙያ ሲሆን፣ ሴት ተዋናይት በገዛ ስሟ መድረክ ላይ ስትቆም አላየም።

መዝሙሩ ግን ከእርሱ ሞት በኋላ ሃያ ስምንት ዓመት ያህል ሲዘመር ኖረ። በ1967 ዓ.ም. ዘውዱ በወደቀ ማግስት ከሥርዓቱ ጋር አብሮ ተሻረ፤ ከዚያ ወዲህም አገሪቱ ሁለት ጊዜ መዝሙሯን ለውጣለች። ተውኔቶቹ ደግሞ አብዛኞቹ በሕይወት ዘመኑ በመጽሐፍ መልክ ሳይታተሙ ነው የቀሩት። ለመድረኩ ተጻፉ፤ ተማሪዎቹ በቃላቸው ያዟቸው፤ ከዚያም ተማሪዎቹ ሲያረጁና ሲበተኑ ቃሉም አብሮ ተበተነ። ጦርነትና ስደት የተጨመረበት ሕይወት ወረቀት ለማኖር አይመችም። በቅኔ ማሕሌት ለበዓሉ ተነግሮ እንደሚያልፍ ቅኔ፣ የዮፍታሔ ሥራ ከፊሉ ለዕለቱ አገልግሎ ዐለፈ።

ከመጥፋት የተረፈው የተረፈው ሌላ ባለቅኔ ስለ ደከመበት ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያን ሥነ ጽሑፍ ያስተምር የነበረው ገጣሚ ዮሐንስ አድማሱ የዮፍታሔን የሕይወትና የጽሑፍ ታሪክ ለማሰባሰብ ተነሣ፤ የተበተነውን ጽሑፍ ፈልጎ፣ አመሳክሮ፣ መርምሮ አንድ ጥናት አዘጋጀ። ጥናቱ ግን ጸሐፊው በሕይወት ሳለ ለኅትመት አልበቃም፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት መጽሐፍ ሆኖ የወጣው። ዮፍታሔን ከመረሳት ያወጣው ሥራ ራሱ ከመረሳት ለጥቂት ተርፏል ማለት ነው። ዛሬ ስለ ዮፍታሔ የሚጽፍ፣ የሚያስተምርና ተውኔቱን ለማዘጋጀት የሚሻ ሁሉ የዚህ ድካም ባለ ዕዳ ነው።

ይህ ዕጣ የዮፍታሔ ብቻ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ ኢኖክ ሶንቶንጋ የተባለ የሚስዮን ትምህርት ቤት መምህርና የመዘምራን መሪ እ.ኤ.አ. በ1897 ለተማሪዎቹ አንድ መዝሙር ደረሰ። መዝሙሩ በአፍሪካ ደቡብ ሁሉ ተሰራጭቶ የነጻነት ትግል ድምፅ ሆነ፤ የበርካታ አገሮችም ብሔራዊ መዝሙር ለመሆን በቃ። ሶንቶንጋ እ.ኤ.አ. በ1905 ሲሞት ግን ብዙ ሰው አላወቀለትም፤ መቃብሩም ለብዙ ዘመን ተሰውሮ ኖረ። ተፈልጎ ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ1996 አገሩ የክብር ሐውልት አቆመችለት። እርሱም እንደ ዮፍታሔ መምህር ነበረ፤ ልጆችን ያስዘምር ነበረ፤ ለዕለቱ ብሎ የደረሰው መዝሙር ከራሱ ዕድሜ አለፈ። ልዩነቱ አገሩ ስሙን ከመዝሙሩ ጋር መልሳ ለማገናኘት ሆን ብላ መሥራቷ ነው።

የቅኔ ቤት ሕግ የሌላውን ቅኔ የራስ አድርጎ ማቅረብን ይከለክላል፤ ባለቅኔውም ማን እንደ ሆነ በጉባኤው ፊት ይታወቃል። ሊቃውንቱ ቅኔውን ባይጽፉትም ባለቤቱን ያውቁታል። ሥራው ከጉባኤ ወጥቶ ወደ አደባባይ ሲገባ ግን ይህን የሚጠብቅለት ማንም የለም፤ በጉባኤው ፈንታ መቆም ያለበት የሙያው ማኅበር ነው። አንድ ተውኔት ከተዘጋጀ በኋላ ጽሑፉ በአዘጋጁ እጅ፣ ዜማው በሙዚቀኛው ጆሮ፣ አቋቋሙ በተዋናዩ ትዝታ ብቻ የሚቀር ከሆነ ከአንድ ትውልድ አያልፍም። በዮፍታሔ ላይ የደረሰው ከእርሱ በኋላ በብዙዎች ላይ ደርሷል፤ ዛሬም በየቴአትር ቤቱ የተውኔት ጽሑፍ ከትርኢቱ መጨረሻ በኋላ በቀላሉ ይጠፋል። ቅጂውን ማኖር፣ የደራሲውንና የዜማ ደራሲውን ስም ከሥራው ጋር መዝግቦ መያዝ፣ አንጋፋዎቹ በሕይወት ሳሉ የሚያስታውሱትን መጻፍ ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ ልማድ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ዮፍታሔ ንጉሤ ከደብረ ኤልያስ ሲወጣ ይዞት የመጣው ዜማና ቅኔ ብቻ ነበረ። በእነርሱ ተማሪ አስተማረ፣ መድረክ አቆመ፣ ለአገር መዝሙር ሰጠ፣ በስደት ተጽናና፣ የተመለሰውን ነጻነት መረመረ። በቅኔ ማሕሌት ቀኝ ጌታው ወገኑን ይዞ ሲያነሣ የግራው ወገን ሰምቶ መቀበል አለበት፤ ካልተቀበለው ዜማው በአንድ በኩል ይቀራል። ዮፍታሔ የበኩሉን አንሥቷል።